በሁለቱ ደወል መሃል

ይህ ነገር በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው የነገረኝ አይደለም፣ ህልምም አይደለም። ማመን የከበደው ይተወው፣ አልቀየመውም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እስቅ ነበር።

ሌሊት አልነበረም።

ዝናብ የለበትም፣ መቃብር የለበትም፣ የፈረሰ ቤት የለበትም። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰኔ ወር፣ ልክ በቀትር ነው የሆነው... ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከሳን ቪኖል መንደር በታች፣ ወንዝ ዳር።

አርሜል እባላለሁ። ወንድሜ ጊላን ይባላል።

ጊላን አያይም። ገና በሕፃንነቱ ሕመም ሁለቱንም ዓይኖቹን ወሰደበት፣ አሁን ያሉት የመስታወት ናቸው። ሲተኛ አውጥቶ ሳህን ላይ ያስቀምጣቸውና "ዓይኔን ጥዬብሻለሁ፣ አደራ ጠብቂልኝ" ይለኛል። ይቺን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልነግራችሁም።

እናታችን ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። እሱም አላገባም፣ እኔም አላገባሁም። እውነቱን ለመናገር በዚህ ዓለም ላይ ከጊላን ሌላ ማንም የለኝም።

ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት ነበረችን። እኔ ከፊት መሪውን እይዛለሁ፣ እሱ ከኋላ ይረግጣል። የሁለታችን ፔዳል አብሮ ስለሚዞር እግሩ ሲደክመው እግሬ ያውቃል።

መኪና ስለምፈራ አስፋልት ላይ አንወጣም። የምንሄደው የድሮው የባቡር ሐዲድ በተነቀለበት፣ ወንዙን ተከትሎ በሚጠማዘዘው መንገድ ላይ ነው። መኪና አይገባበትም። የጎማ ድምፅ፣ የወፍ ድምፅ፣ የውሃ ድምፅ... በቃ። ጊላን ያንን ጸጥታ ከምግብ አብልጦ ይወደዋል።

መንገድ ላይ እሱ "ምን ታያለሽ?" ይለኛል፣ ያየሁትን እነግረዋለሁ። እኔ ደግሞ "ምን ትሰማለህ?" እለዋለሁ። እኔ ዓይን ነኝ፣ እሱ ጆሮ ነው።

ስንነሳ ደግሞ ሌላ ልማድ አለን። ከኋላ ተቀምጦ ሲደላደል ጀርባዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርገኛል። "ተዘጋጅቻለሁ፣ ሂጂ" ማለት ነው። ያኔ ዞር ብዬ ማየት አያስፈልገኝም።

ዞር ብዬ ባለማየቴ ነው ሁሉም የመጣው...

የሳን ቪኖል ቤተ ክርስቲያን ሰዓት፣ እንደ ብዙዎቹ መንደሮቻችን፣ አንዱን ሰዓት ሁለት ጊዜ ነው የሚደውለው። በቀትር አሥራ ሁለት ጊዜ ይመታል። ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና አሥራ ሁለት ጊዜ ይመታል። እርሻ ላይ ያለ ሰው የመጀመሪያው ቁጥር ቢያመልጠው በሁለተኛው እንዲቆጥር ነው ይባላል።

አባታችን ግን አንድ ነገር ይጨምርበት ነበር።

"በሁለቱ ደወል መሃል ያለው ጊዜ የማንም አይደለም" ይለን ነበር። "በዚያ ሰዓት ሰንሰለቱ አይነካም።"

ሰንሰለት የሚለው የጀልባውን ነው። ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ ከመንደሩ በታች ጠፍጣፋ ጀልባ አለ። ቀዛፊ የለውም። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሰንሰለት አለው፣ የፈለገ ሰው እሱን እየጎተተ ራሱን ያሻግራል።

አባታችን ይህን ሲል ለምን ብለን ጠይቀነው አናውቅም። ለምን ተብሎ የሚጠየቅ ሰውም አልነበረም።

የዚያን ቀን ረፍዶብን ነበር። ማዶ ማዳም ብሬሾ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። ከሁለተኛው ደወል በኋላ ለመጣ ሰው ሾርባ አይቀዱም። ንጉሥ ቢመጣም አይቀዱም።

"ፍጠኚ እንጂ፣ ዛሬ ዓሣ ነው ብለዋል" አለኝ ጊላን ከኋላዬ።

"አንተ ስትረግጥ አይደል የሚፈጥነው? ተሳፋሪ ሆነህ ተቀምጠህ።"

"እኔ ባልገፋሽ ኖሮ እስካሁን ከቤት አልወጣሽም ነበር።"

ጠጠሩ ከጎማው ስር ይንኳኳል። እኛም እየተነካከስን፣ እየሳቅን ወንዙ ዳር ደረስን። ጀልባው በእኛ በኩል ነበር። ዕድላችን ነው አልኩ።

ብስክሌቷን ልጭን ስል ደወሉ ጀመረ።

ጊላን ክንዴን ያዘኝ።

"ቆይ... ይለፍ።"

"ሁለተኛው እኮ ነው" አልኩት።

"የመጀመሪያው ነው።"

"የመጀመሪያውማ ጠጠሩ ላይ ሳለን አልፏል። ስትለፈልፍ የት ሰምተኸው።"

"አርሜ... እኔን ደወል ያመልጠኛል?"

እውነቱን ነው፣ ጊላንን ደወል አያመልጠውም። ግን እርቦኛል። ፀሐዩም አናት ይበሳል።

"የቀትር ጋኔን ከፈራህ እዚሁ ቅር" አልኩት እየሳቅኩ። "ዓሣህን እኔ እበላልሃለሁ።"

ሳቀና ገባ።

ጀልባ ላይ ሁልጊዜ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና ዘንጉን በጉልበቶቹ መሃል ያቆማል። እኔ "ደርሰናል" እስክለው ድረስ አይነሳም። ልጅ ሆኖ አንድ ጊዜ ቀድሞ ተነስቶ ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ እናታችን በፀጉሩ ይዛ ነው ያወጣችው። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ከእኔ አፍ ሳይሰማ ንቅንቅ አይልም።

ሰንሰለቱን መጎተት ጀመርኩ። በዚያ ፀሐይ ላይ በረዶ ሆኖ ነበር።

ደወሉ አለቀ።

ወንዙ መሃል ስንደርስ ወፎቹ ዝም አሉ። አንድ በአንድ አይደለም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ።

"ምን ትሰማለህ?" አልኩት።

አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ አዳመጠ።

"ምንም።"

"ምንም?"

"ውሃውም አይሰማኝም፣ አርሜ።"

ጊላን በሕይወቱ "ምንም አልሰማም" ብሎኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ቀለለኝ። ጉልበት ሳላወጣ ይመጣልኝ ጀመር። ከማዶ ሌላ ሰው አብሮኝ የሚጎትት ይመስል ነበር... ቀና ብዬ ማዶውን አየሁ።

ማንም የለም።

የጀልባው አፍንጫ ዳርቻውን ሲነካ ደወሉ እንደገና ጀመረ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ጊላን ልክ ነበር። ቅድም የሰማነው የመጀመሪያው ነው። የተሻገርነው በመሃሉ ነው።

ደነገጥኩ። ከዚያ ውሃ ላይ ቶሎ መውረድ ብቻ ነው የታየኝ። ብስክሌቷን በሁለት እጄ ይዤ ዳገቱን እየገፋሁ ወጣሁ። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ይሰማኛል። እየተከተለኝ ነው ብዬ አልዞርኩም።

መንገዱ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከኋላ ክብደት ሲያርፍባት ብስክሌቷ ዝቅ አለች።

ጀርባዬን... መታ፣ መታ።

ነዳሁ።

"አየህ? ምንም አልሆንንም" አልኩት፣ ለራሴም ጭምር።

"እህ" አለኝ።

ፔዳሉ ከበደኝ። ሜዳ ላይ ነን፣ ነፋስ የለም፣ ግን ዳገት የምወጣ ያህል ያልበኛል። አኩርፎኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሲያኮርፍ እግሩን ያሰንፋል።

ከፊታችን አንድ አዛውንትና ባለቤታቸው በየብስክሌታቸው መጡ። በዚያ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሳይባባል አይተላለፍም። ጊላን የጎማ ድምፅ ከሩቅ ስለሚሰማ ሁልጊዜ ቀድሞኝ "ቦንዡር" ይላል። የዚያን ቀን ዝም አለ።

"ቦንዡር ማዳም" አሉኝ ሽማግሌው።

ቀጥሎ ከኋላዬ ያለውን ሰላም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ... አዩት። አፋቸውን ዘጉ። ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። ሁለቱም ፔዳላቸውን እየረገጡ በረሩ።

"ሰዎቹን አልሰማሃቸውም?" አልኩት።

"የትኞቹን?"

የሆነ ነገር ትክክል አልነበረም፣ ግን ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም።

ትንሽ እንደሄድን በሹክሹክታ፣ "ድንጋይ" አለኝ።

"ምን?"

"ከፊትሽ። በግራ በኩል።"

ከሣሩ ጥግ ጡብ የሚያህል ድንጋይ ነበር። መሪውን ጠምዝዤ አለፍኩት። "ተመስገን" አልኩ። ጥቂት ሄድኩ...

ከዚያ የሰማሁት ነገር ገባኝ።

እጄ መሪው ላይ ደረቀ።

"ጊላን... እንዴት አወቅክ?"

ፔዳሉ መዞሩን ቀጠለ።

"ጊላን?"

ትንፋሹ አንገቴ ላይ አረፈ። ቀዝቃዛ ነው። የወንዝ ጭቃ ይሸታል።

"ቀይ ያምርብሻል" አለኝ።

የለበስኩት ቀይ ሸሚዝ ነበር።

መንገዱ እዚያ ጋ ወደ ወንዙ ይታጠፋል። ዛፎቹ ያልቁና የመጣንበት ውሃ ወለል ብሎ ይታያል። ሳልፈልግ ዓይኔ ሄደ።

ጀልባው ወንዙ መሃል ነበር።

ጊላን አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ዘንጉን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው። "ደርሰናል" እስክለው እየጠበቀኝ ነው። እኔ ደግሞ አላልኩትም...

ሰንሰለቱ ይንቀሳቀሳል። የሚጎትተው ሰው የለም። ጀልባው ቀስ እያለ ወደ ጥልቁ በኩል ይሄዳል።

ከኋላዬ፣ በወንድሜ ድምፅ፣ ጥያቄው መጣ።

"ምን ታያለሽ?"

ጊላንን ስላየሁት ነገር ዋሽቼው አላውቅም። ዓይኑ ነኝ፣ ዓይን አይዋሽም። ይሄኛውን ግን ዋሸሁት።

"ምንም" አልኩ።

መርገጥ አቆምኩ። ፔዳሉ አልቆመም። እግሬን ይዞ ይዞራል። ፍሬኑን ጨበጥኩ፣ አልያዘም። ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን ወደ ሣሩ ወረወርኩ።

ጉልበቴ ተላጠ። ተነስቼ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ብስክሌቷ ስትወድቅ አልሰማሁም። የካቴናዋ ድምፅ ረጋ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ማዳም ብሬሾ ቤት አቅጣጫ ራቀ።

ወንዙ ዳር ስደርስ ሰንሰለቱን ያዝኩ። ጎተትኩ። ከሌላው በኩል ተጎተተብኝ።

"ጊላን፣ እንዳትነሳ!"

"አርሜ?" አለ ተረጋግቶ። "ደርሰናል እንዴ?"

"አልደረስንም! ተቀመጥ ብቻ!"

"ቅድም ደርሰናል ብለሽኝ ነበር።"

"እኔ አላልኩም!"

"አውቃለሁ" አለ። "ድምፁ ያንቺ ነው። ግን ከስር ነው የመጣው፣ ከውሃው ውስጥ። ስለዚህ አልተነሳሁም።"

ከድንጋዩ ጋር እግሬን አጣብቄ፣ መዳፌ እየተላጠ፣ እያለቀስኩ ጎተትኩ። ጀልባው ወደኔ አንድ ክንድ ሲመጣ ግማሹን ይመለሳል። የእናቴን ስም ጠራሁ፣ የአባቴን ስም ጠራሁ። በመጨረሻ ሰንሰለቱ በድንገት ላላ። ያ የያዘው ነገር የሰለቸው ይመስል ለቀቀኝ። በጀርባዬ ወደቅኩ።

ጀልባው ዳርቻውን ነካ።

ገብቼ ወንድሜን በሁለት እጄ ያዝኩት። ፊቱን ዳሰስኩ። የመስታወት ዓይኖቹን አየሁ። እንደ ሁልጊዜው ግራው ትንሽ ወደ ውጭ ያያል።

"ደርሰናል" አልኩት በሹክሹክታ።

ተነሳ።

"ምን ትሰማለህ?" አልኩት።

"ልብሽን።"

"ሌላስ?"

ጆሮውን ወደ መንገዱ አቀና። ፊቱ ተለወጠ።

"ብስክሌታችንን" አለ። "አርሜ... ማነው የሚነዳት?"

በጀልባው አልተመለስንም። እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ በሩቁ ድልድይ ዞረን፣ በአስፋልቱ ዳር በእግራችን ወደ ቤት ሄድን። መኪና ሲያልፍ ደስ ያለኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ ስልክ ተደወለ። ማዳም ብሬሾ ናቸው።

"ምነው ልጄ፣ ሳትመጪ ቀረሽ? አመመሽ እንዴ?"

"አይ... ደክሞኝ ነው ማዳም።"

"ወንድምሽማ ብቻውን መጣ፣ በብስክሌታችሁ። ሁለተኛው ደወል ካለፈ በኋላ ነበር፣ ግን እንዴት እምቢ ልበለው? እንዲህ ያለ ደስታ ስንት ጊዜ ይገኛል? ለመሆኑ መቼ ነው የታከመው?"

"ምኑን?"

"ዓይኑን ነዋ። እኔም ደንግጬ ሳህን ሰበርኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ወንዙን ሲያይ ዋለ። ውብ ዓይን ነው ልጄ፣ እግዜር ይጠብቅለት።"

ጊላን ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ዓይኖቹ ሳህኑ ላይ ናቸው።

"ግን አንድ ነገር..." አሉ ማዳም ብሬሾ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምን?"

"በልቶ እስኪነሳ ድረስ አንዴም አልጨፈነውም። ሐኪሙን ጠይቂልኝ እስቲ። ደሞ ብስክሌቷ እዚህ ትቀመጥ ብለው፣ እኔው ራሴ እወስድላታለሁ አለኝ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ለጊላን ምን እንዳሉኝ አልነገርኩትም። እሱ ግን ስልኩ አጠገብ ነበር፣ እሱ ደግሞ ጊላን ነው። ሰምቷል። ዓይኖቹን ከሳህኑ አንስቶ በቦታቸው መለሳቸው፣ በሩን እንድቆልፍ ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ወንዙ ዳር ሄደን አናውቅም። በቀትር ከቤት አንወጣም። ጎረቤቶቻችን አረጁ ይሉናል። ይበሉ።

ትናንት ምሳ ልንበላ ተቀምጠን ነበር። ነፋሱ ወደኛ ሲሆን የሳን ቪኖል ደወል እስከ ቤታችን ይሰማል። አሥራ ሁለት መታ። ዝም አለ።

ጊላን ማንኪያውን አስቀመጠ።

ከአጥሩ ውጭ የብስክሌት ደወል ጮኸ። ቂሊንግ... አንድ ጊዜ ብቻ።

"እሷ ናት" አለኝ በሹክሹክታ።

"ዝም በል።"

"እይልኝ፣ አርሜ።"

ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አደረግኩት።

"ምን ታያለሽ?"

ብስክሌታችን አጥሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች። የኋላ መቀመጫዋ ውሃ ያንጠባጥባል።

"ብስክሌቷን" አልኩት። አልዋሸሁም። "ብስክሌቷን ብቻ።"

"ሰውስ?"

"የለም። ማንም የለም።"

ዞር ብዬ አየሁት። ጠረጴዛው ጋ ነው፣ ወንበሩ ላይ። ሁለቱም እጆቹ ዳቦው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፣ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው።

"አርሜ" አለኝ። "አትንቀሳቀሺ።"

ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ሁለተኛው ደወል ገና አልጀመረም።

የወንዝ ጭቃ ሸተተኝ።

ከዚያ ጀርባዬን...

መታ።

መታ።